ታንከሩ ሙሉ ነው

ቦንጋ አባባ ቤት የኩሽናው ቧንቧ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት 26 ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። በግምት አይደለም፤ ሰዓት ይዤ ነው። ባለፈው ሐምሌ በደረስኩ ማግስት ጀሪካኑን ከቧንቧው ሥር ደቅኜ ቡና ማፍላት ጀመርኩ። ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ ጀበናው ገነፈለ፣ አቦሉ ተቀዳ። ዞር ብዬ ሳይ ውሃው ገና ከጀሪካኑ አንገት አልደረሰም።

«ታንከሩ ውሃ የለውም መሰለኝ» አልኩ።

«ታንከሩ ሙሉ ነው» አሉ አባባ፣ ከሲኒያቸው ቀና ሳይሉ።

እውነታቸውን ነው። ግቢው ጥግ 3 ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ቆጥ ላይ የተቀመጠውን ባለ 1,000 ሊትር ጥቁር ታንከር በዱላ መታ መታ ሳደርገው እስከ አናቱ ድረስ ድፍን ድምፅ ሰጠኝ። ውሃ አለ። ውሃው ግን አይወርድም።

እዚህ ላይ የመጣሁበትን ጉዳይ ልናገር። እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል። አባባ 74 ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሦስታችንም ልጆቻቸው አዲስ አበባ ነን። ሰኔ ላይ ከግቢው ቧንቧ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዘው በሌሊት ሲመለሱ አዳልጧቸው ወድቀው ኖሮ የእጃቸው አንጓ ተጎዳ። የሰማነው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ያውም ከጎረቤት ነው። የግቢው ቧንቧ በቀጥታ ከከተማው መስመር የሚመጣ ስለሆነ ውሃ በሚለቀቅበት ሌሊት ጥሩ ይፈስሳል፤ የኩሽናው ግን ከታንከሩ ነው የሚወርደው። አባባ 26 ደቂቃ ከመጠበቅ ሌሊት ተነስቶ ባልዲ መሸከምን መርጠዋል ማለት ነው። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ነገሩን ዘጋው። «ውሃ እንኳን እንደ ልብ ካላገኙ እንዴት ብቻቸውን ይኖራሉ? ሄደሽ ይዘሻቸው ነይ» አለኝ። ለመመለሻ የሁለት ሰው ትኬት መቁረጫ ገንዘብም ላከልኝ። ለአባባ ግን «ልጠይቅዎት መጣሁ» ነው ያልኳቸው።

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ቦንጋ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። ጎጀብን ተሻግሮ አቀበቱ ሲጀመር በአውቶቡሱ መስኮት የሚገባው አየር ይለወጣል፤ እርጥብ፣ ቅጠል ቅጠል የሚል ነው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ የሰፈረ ነው፤ የዱር ቡና እስከ ዛሬ የሚበቅልበት ጫካ ነው። ሰማዩም ለዚህ አገር አይሰስትም። የደረስኩ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን ሁሉ ውሃ እየሰማሁ፣ ጠዋት ፊቴን ለመታጠብ በጭልፋ ተቀዳልኝ። በነገራችን ላይ እኔም አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ሲዛነፍ ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ። ወንድሜ «ወደ ውሃ እናምጣቸው» ሲል ይህን ለምን እንደዘነጋው አላውቅም።

አባባ የሰፈሩን ቧንቧ ሠራተኛ ጠሩልኝ። ወጣት ነው፤ አምስተኛ ክፍል ሳለ ሳይንስ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ እስካሁንም «መምህር» ነው የሚላቸው። የኩሽናውን ቧንቧ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጆሮውን ከግድግዳው አስጠጋ።

«ግፊት የለውም። ፓምፕ ያስፈልገዋል መምህር» አለ።

ለወንድሜ ደወልኩለት። «ስንት ነው? አሁኑኑ እልካለሁ» አለ፤ ወንድሜ እንዲህ ነው፤ ልቡ ደግ፣ ጆሮው ችኩል። አባባ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሃ ቁልቁል ለመውረድ ምን ፓምፕ ያስፈልገዋል? መብራት የጠፋ ቀንስ?»

ወጣቱ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ግን ጥያቄው ሌሊቱን አብሮኝ አደረ። እማዬ በነበረችበት ጊዜ ያው ታንከር፣ ያው ቆጥ፣ ያው ቧንቧ ነበር፤ ውሃውም ይወርድ ነበር። ምን ተለወጠ?

በማግስቱ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ መሰላል ተውሼ ወጣሁ። አባባ ከታች በደህና እጃቸው መሰላሉን ያዙ። የአካውንታንት ልጅ ሱሪ ለብሳ ቆጥ ላይ ስትወጣ ማየት ለጎረቤትም ቀላል አልነበረም መሰለኝ፤ አጥሩ ላይ ሁለት ሦስት ራሶች ብቅ ብቅ አሉ።

መጀመሪያ ያየሁት የታንከሩን ጎን ነው። ከበስተጀርባ፣ ከታች ሆኖ በማይታየው በኩል፣ ጎኑ እንደ ተራበ በሬ ሆድ ወደ ውስጥ ገብቷል። ቀጥሎ አፉን አየሁ። አፉ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ተደርቦበት ከአንገቱ በካላማዳሪያ ቁራጭ ሦስት አራት ጊዜ ተጠፍሮ ታስሯል። ፕላስቲኩ መሃሉ ላይ እንደ ሳህን ሰርጉዷል። ውሃ ሲበዛ የሚፈስበት የትርፍ ቱቦ ደግሞ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል።

እዚያው መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ የአምስተኛ ክፍል ትምህርት ትዝ አለኝ። እኔንም ያስተማሩኝ አባባ ናቸው። አንድ ቀን የዘይት ቆርቆሮ በውሃ ሞልተው ይዘው መጡና በምስማር አንድ ቀዳዳ በሱት። ደፉት፤ ጠብ ጠብ ብሎ እንደ መቆም አለ። ከዚያ በሌላው ጥግ ሁለተኛ ቀዳዳ በሱ፤ ውሃው እንደ ክር ተስቦ ወረደ። «አንዱ ለውሃው፣ አንዱ ለአየሩ» ብለው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉልን።

«አባባ፣ ይህን ፕላስቲክ ማን አሰረው?»

ትንሽ ዝም አሉ። «ምን ሆነ?»

«አየር መግቢያ የለውም። የትርፉም ቱቦ ተወትፏል። ጎኑም ገብቷል።»

ከላይ ሆኜ የማየው ባርኔጣቸውን ብቻ ነበር። ባርኔጣው ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።

«ከሥሩ ጨርቅ አለ?» አሉ በመጨረሻ።

ነበር። ፕላስቲኩ ጠርዝ ሥር አረንጓዴ የወረሰው አቡጀዲ ይታየኝ ነበር። ታሪኩን በኋላ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። የታንከሩ ክዳን የተሰነጠቀ ጊዜ እማዬ ውሃው ውስጥ የሞተ እንሽላሊት አገኘች። በማግስቱ አቡጀዲ ቆርጣ፣ ጠርዙን ቀምቅማ፣ አፉ ላይ አሰረችበት። ጨርቁ ቆሻሻውን ይከለክላል፤ አየሩን ያሳልፋል። እማዬ የአየር ግፊት የሚባል ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችም፤ ግን እርሾ ያለበት እንስራ አፉ በጨርቅ እንጂ በድፍን ነገር እንደማይታሰር ታውቃለች። እሷ ካረፈች በኋላ ፀሐይና ዝናብ ጨርቁን ያሳሳው ጀመር። አባባ ሊፈቱት አልወደዱም። «እንዳይበጣጠስ ብዬ ከላይ ደረብኩበት» አሉኝ። ቆረቆንዳውንም የወተፉት እሳቸው ናቸው፤ ቱቦው ውስጥ ተርብ ጎጆ ሠርቶ ነበርና።

ነገሩ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላብራራ፤ ታንከር ያለው ቤት ሁሉ ሊገጥመው ይችላልና። ውሃ ከታንከር ሲወጣ ቦታውን አየር መተካት አለበት። መግቢያ ካጣ፣ ከውሃው በላይ የቀረው አየር እየተለጠጠ ይሳሳል፤ የውጭው አየር ደግሞ ክብደት ስላለው ውሃው እንዳይወርድ ከቧንቧው አፍ በኩል ይሟገተዋል። አባባ ይህን በክፍል ሲያስተምሩ የጣሊያኖቹን የጉድጓድ ፓምፕ ያነሱ ነበር፤ ፓምፖቹ ውሃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ መሳብ እያቃታቸው ሰው ሁሉ ሲገረም፣ ቶሪቼሊ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1643 ባደረገው ሙከራ ምክንያቱ የአየር ክብደት እንደሆነ አሳየ። ቦንጋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ይላል፤ እዚህ ቁጥሩ ከ8 ሜትር ትንሽ በለጥ ቢል ነው። የሆነው ሆኖ፣ 3 ሜትር ቆጥ ላይ ያለ ውሃ ከአየር ጋር ትግል ቢገጥም ማን እንደሚረታ ግልጽ ነው። ከከተማው መስመር የሚመጣ ውሃ የሚገፋው ኃይል አለው፤ የታንከር ውሃ ግን ያለው ጉልበት የራሱ ክብደት ብቻ ነው።

«ታዲያ ጨርሶ ለምን አልቆመም? እንዴትስ ይሞላል?» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ሌሊት ውሃ ሲገባ አየሩ ፕላስቲኩን እየገፋ በጠርዙ ሾልኮ ይወጣል። ቀን ውሃ ሲወጣ ግን ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ይሳብና ከታንከሩ አፍ ጋር ይጣበቃል። ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት በር ሆነ ማለት ነው። በጠርዙ ትንሽ ትንሽ አየር ስለሚሰርግ ደግሞ ቧንቧው ያንጠባጥባል እንጂ አይቆምም። ጭራሽ ቢቆም ኖሮ አንድ ሰው ወጥቶ ያየው ነበር።

«ልፍታው?» አልኳቸው።

«እኔ ልውጣ» አሉ።

«በዚህ እጅዎ?»

መልስ አልሰጡም። ካላማዳሪያው ደርቆ ስለነበር ጥፍሬን ፈተነው። የመጨረሻው ዙር ሲላላ ፕላስቲኩ «ፉፍ» ብሎ ተነሳ፤ ወዲያው ታንከሩ «ዷ!» ብሎ የገባ ጎኑን መለሰ። ከመሰላሉ ልወድቅ ነበር። ቧንቧውን ከፍታ እንድትጠብቅ ኩሽና የቆመችው የጎረቤት ልጅ «መጣ! መጣ!» እያለች ጮኸች።

የእማዬ ጨርቅ ግን ፕላስቲኩ ሲነሳ አብሮ ተበጠሰ። ከሥሩ በእርጥበት በስብሷል። አባባ እንዲደርብ ያደረጉት ፕላስቲክ ራሱ ነው ያበሰበሰው፤ ይህን አልነገርኳቸውም፤ መንገር የሚያስፈልጋቸው ሰውም አይደሉም። የቀረውን ቁራጭ ተቀብለውኝ ወደ ቤት ገቡ። ከኩሽና የሚወርደው ውሃ ድምፅ ግቢው ድረስ እየተሰማ ወጥተው እስኪመለሱ ድረስ መሰላሉ ሥር ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። ሲመለሱ «አሥራ አምስት ዓመት አስተማርኩት» አሉ፤ ሌላ አላሉም።

ጀሪካኑን መልሰን ሞላነው፤ 11 ደቂቃ። ደስታችን ቀዘቀዘ። 26 ወደ 11 ትልቅ ለውጥ ነው፤ ግን 3 ሜትር ላይ ላለ ሙሉ ታንከር አሁንም ብዙ ነው። ወጣቱን ቧንቧ ሠራተኛ መልሰን ጠራነው። ፕላስቲኩን ሲያይ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ከዚያ በኋላ ስለ ፓምፕ አንስቶ አያውቅም። ይልቅ ፈልጎ የቀሩትን በሽታዎች አገኘልን። ከታንከሩ መውጫ ያለው መዝጊያ እጀታው ሙሉ ይዞራል፤ ውስጡ ያለው ሳንቃ ግን ተሰብሮ በግማሽ ብቻ ነበር የሚነሳው። የቧንቧው አፍ ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት በአሸዋ ተደፍናለች። ከሁሉ የባሰው መስመሩ ነው፤ በአንድ ወቅት የኩሽናውን በር ሲያሰፉ ቱቦውን ከበሩ ጉበን በላይ አሻግረው መልሰው ወደ ታች አውርደውታል። እንዲህ ያለ ጉብታ ላይ አየር ይታጎራል፤ ግፊት ያለው ውሃ ጠርጎት ያልፋል፣ ደካማ ውሃ ግን ይሸነፍለታል። ቱቦውን ከግድግዳው ሥር፣ መነሻው ከፍ መድረሻው ዝቅ እያለ እንዲሄድ አዞረው። አዲስ መዝጊያ፣ ጥቂት ሜትር ቱቦ፣ አንድ ጥቅል ቴፍሎን፤ ወጪው ከፓምፕ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ታንከሩንም አጠብነው። ውሃው እንዳይባክን ጎረቤት ሁሉ ጀሪካንና እንስራ ይዞ መጣ፤ ለሰፈሩ ትንሽ በዓል ሆነ። ከሥሩ አንድ ባልዲ ተኩል የሚሆን ቀይ አተላ ወጣ፤ የካፋ አፈር ነው፣ ጥሩ ቡና ያበቅላል፤ ውሃ ውስጥ ግን አይፈለግም። ረጅም እንጨት ላይ ብሩሽ አስሬ በአፉ በኩል ፈተግሁት። ውስጡ አልገባሁም፤ ማንም እንዲገባ አልመክርም፤ የጠበበና አየር የሌለው ቦታ ነው። ሳሙናም አልነካሁበትም። ከዚያ መልሰን ስንሞላው 5 በመቶ በረኪና፣ መዓዛ የሌለበትን፣ ለ1,000 ሊትሩ 1 ሊትር ጨመርንበት። ሽታው እስኪመጣ የኩሽናውን ቧንቧ ከፍተን ዘጋንና ሌሊቱን አሳደርነው። በማግስቱ ሙሉውን ደፍተን በንጹሕ ውሃ አለቀለቅነው። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል አደገኛ እንደሆነ አባባ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሁለቴ ተናገሩ። ማስተማር አልተዋቸውም።

በአራተኛው ቀን ጀሪካኑን ደቀንን። ሰዓቱን የያዙት አባባ ናቸው። 4 ደቂቃ።

ማታ ወንድሜ ደወለ። ስለ ፕላስቲኩ፣ ስለ ጉብታው፣ ስለ 4 ደቂቃው በዝርዝር ነገርኩት። አዳመጠኝ፤ ከዚያ «እሺ፣ ውሃው ተስተካከለ። ሌሊት ቢታመሙስ?» አለ። ለዚህ የሚሆን መዝጊያ ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። ልክ ነበር፤ ልክ እንደሆነም ነገርኩት። ስልኩን ዘግቼ ስዞር አባባ በሩ ላይ ቆመዋል። ስንቱን እንደሰሙ አላውቅም።

«ትኬት መቼ ነው የምትቆርጪው?»

«ነገ አባባ።»

«ለአንድ ሰው ነው የምትቆርጪው?»

ስለ ሁለት ትኬት በአፌ አንስቼ አላውቅም። አባት ግን አባት ነው። «እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ የጠየቅኳቸው ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ሦስታችንም ስለ እሳቸው ተነጋግረናል እንጂ እሳቸውን አልጠየቅንም።

ቁጭ አሉ። የሰኔው መውደቅ እንዳስፈራቸው ነገሩኝ። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እንደሚያጡ፣ የእማዬ መቃብር ቅርብ መሆኑ እንደሚያጽናናቸው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ማንን «እንዴት አደርክ» እንደሚሉ እንደማያውቁ። ወጣቱ ቧንቧ ሠራተኛ ቤቱ ሦስት አጥር ብቻ ስለሚርቅ ልጁ ማታ ማታ እየመጣ ቢያጠናላቸው፣ ቢያድርም፣ ደስ እንደሚላቸው። ይህን የመጨረሻውን ያሰቡት ቀደም ብለው ነው መሰለኝ፤ ለልጁ የሚሆን ፍራሽ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አይቼ ነበር።

በመመለሻዬ ዋዜማ ለታንከሩ አዲስ ክዳን ገዝተን ገጠምን። የትርፉን ቱቦ አፍ ወደ ታች አጥፈን የወባ አጎበር ቁራጭ ደርበን ሸፈንነው፤ አየር ይገባል፣ ተርብና እንሽላሊት አይገባም። ማሰሪያ ስፈልግ አባባ ከኪሳቸው ያችኑ ካላማዳሪያ አወጡ። ከሥር መሰላሉን ይዘው እያዩኝ «በጣም አታጥብቂው፣ ለማጠብ ይፈታል» አሉ።

ትኬት ለአንድ ሰው ቆረጥኩ። የተረፈውን ገንዘብ ለወንድሜ አልመለስኩለትም፤ መስቀልን ሦስታችንም ቦንጋ እንድንውልበት ይዤዋለሁ።